ሁለት ቆርጠህ አንድ ተው

ጋያቲ ጀርባ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
አሸዋው እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ከቆመበት፣
ሸውሸዌ አለ፤ ሠላሳ ረድፍ፣
ሰው የተከለው፣ በጥቁር ቱቦ የሚጠጣ በሰልፍ።

ጥድ ይመስላል። ጥድ አይደለም።
ነፋስ ሲገባው ግን «ሽው» ማለቱን አልተወም፤
በእኛ አገር፣ ትምህርት ቤቱ ዳር ያለውም እንዲህ ነው የሚለው፣
ስሙን ከድምፁ የወሰደው።

መሐንዲሷ ሸምሳ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ዘንጓን ይዛ ወረደች፤ እስካንገቱ አሸዋ ውስጥ ተክላ
«አራት ከመቶ» አለች፣ ቁጥሩን አንብባ፤
«ሁሉም ይጠጣል፤ የሚጠግብ የለም» አለች ቀስ ብላ፣ እኔ እንዲገባኝ አስባ።

ከግንዶቹም ገላ መርፌ ሰክታለች፣
ሙቀት እየላከች የውሃውን ጉዞ ትሰማለች፤
ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ይቆማል፤
ዛፉ አፉን ይዘጋል፣ ጥማቱን ይውጣል።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ፣ በሸዋል መባቻ፣
በአንድ ብጣሽ ወረቀት፣ አንድ መስመር ብቻ፦
«ሁለት ቆርጠህ አንድ ተው»።
መራጩ እኔ ነበርሁ፤ ቀዩ ቀለም በእኔ እጅ ነው።

ራህማት ጉል መጋዙን ይዞ ከኋላዬ
«ያላ» ይለኛል፣ «ያላ»፣ ገና ሳይታይ ጥላዬ።
የጎበጠውን ቀባሁ። መንታ የሆነውን ቀባሁ።
ቅርፊቱን ምስጥ የበላውን፣ ሳላስብ፣ ቀባሁ።
ከዚያ ግን እኩል የሆኑት መጡ፣
ባንድ ቀን የተተከሉ፣ ባንድ ቱቦ የጠጡ።

የት እንደ ቆምሁ ጠፋኝ።
የወረባቦው ቤታችን፣ ግድግዳው ሥር ያለው መደብ ታየኝ፦
ሰባት ወንድማማች፣ አንድ ጥማድ መሬት፣
ሌላ ማሽላ ሳይደርስ የሚያልቅ ምርት።
አባቴ ምንም አልተናገረም። ቀለምም አልቀባኝም።
ግን ወይፈኑ የተሸጠው ለእኔ ፓስፖርት ነው፤ ለሌላ አልነበረም።

መጋዙ ጮኸ። ዛፍ እንደ ሰው አይወድቅም፤
ጫፉ ቀድሞ ይሄዳል፤ ግንዱ ለጊዜው አያምንም።

ሦስት ሳምንት ቆረጥን።
ከርሞ ሸምሳ መጣች፤ ዘንጉን ተከለች፤ ሁላችን ዝም አልን።
«ዘጠኝ ከመቶ!»
ራህማት ጉል ሳቀ፣ ጢሙ በእንጨት ብናኝ ቀልቶ።
የቀሩት ዛፎች፣ እያንዳንዳቸው፣ እጥፍ ጠጡ፤
ቀትር ላይ እንኳ አፋቸውን አልዘጉ፣ ላባቸውን እያወጡ።
ያም ሆኖ ጫካው ተደምሮ፣ ከጉድጓዱ የቀዳው
ከድሮው ያንሳል፤ ቆጣሪው ነው የተናገረው።

በዚያው ሰሞን ስልክ ደወለ ታናሼ ይመር፤
ድምፁ ወፍሯል፤ ስሙን ባይነግረኝ አላውቀውም ነበር።
«በላክኸው ጣራው ቆርቆሮ ሆነ፤ የምትተኛበት
መደብ ፈርሶ፣ የእህል ጎታ ቆመበት፤
ቤቱ ሰፋልን» አለኝ።
«እሰየው» አልሁት። እውነቴን ነው። ጉሮሮዬን ግን ያዘኝ።

ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።
የቀሩት ክፍተቱን ሞሉት፤ ሰማዩን ዘጉት መልሰው።
ዘንጉ አምስት ይላል። ሸምሳ ጻፈች፤ አልገረማትም፤
«ሥር የተተወለትን አይተውም።»

ይመርም አግብቷል፤ ሁለት ወልዷል፤
ማሽላው እንደ ድሮው፣ ሌላ ሳይደርስ ያልቃል።
«ኑርዬ ጎርምሷል፤ ቪዛ ይገኝለት እንደሁ ጠይቅ» አለኝ ትናንት።
መልስ አልሰጠሁትም። የቀለሙን ጣሳ ይዤ ቆምሁ ከጉቶዎቹ ፊት።

አንዱ ጉቶ ላይ የሸምሳ መርፌ ሳይነቀል ቀርቷል፤
ሽቦው እንዳለ ነው፤ በየሰዓቱ ይጠይቃል።
ዜሮ ይጽፋል፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ፤
ጎህ ሲቀድ ግን አንዳንዴ፣ ትንሽ ከፍ ይላል አሉ።

«ሽቦው ተበላሽቶ ነው» ትላለች ሸምሳ።
«ሥሩ ከጎረቤቱ ሥር ተያይዞ ነው» ይላል ራህማት ጉል፣ ስንቀመጥ ለምሳ።
እኔ አልፈርድም።
የምቀመጠው ግን ሌላ ጉቶ ላይ ነው።