ሁለት በመቶ

መጋቢት ላይ ነፋስ ሎፎተንን ሲገርፍ፣
ጉሮ ከመስኮቷ ሥር ሠንጠረዥ ስትጽፍ፤
ጉድጓዱ ቢፈነዳ፣ ድፍድፉ ቢወጣ፣
በስንተኛው ሌሊት ወደ ዳር ሊመጣ?
ሦስት ሺህ ጊዜ በኮምፒውተር አፈሰሰችው፣
ሦስት ሺህ ጊዜ መልሳ አፈሰችው።
«ዕድሉ፣ ሁለት በመቶ፤ ጉዳቱ፣ መለስተኛ፤
ዓሣው ያገግማል በዓመቱ፣ ቢዘገይ በሁለተኛ።»
የዕንቁላሉ ረድፍ ግን ባዶ ነው፤ መረጃ የለም።
«ይቅር» ብላ ጻፈችበት። ለማሰብም አልቆመችም።

ማታ ኦድቫር መጣ ከነጎማ ጫማው፣
በእጁ የኮምጣጤ ጠርሙስ፣ አፉ ድረስ ባሕር የሞላው፤
«ከመረቤ ሥር ቀዳሁት፤ እዪው» አለና ሄደ፤
ወሬ አይወድም እሱ፤ ሻይም አልወሰደ።

መብራት ላይ አነሳችው፦ የኮድ ዓሣ ዕንቁላል፣
መስታወት የመሰለ፣ ከላይ ከላይ ይዋልላል፤
በያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ፣
ዓይን ለመሆን የሚያስብ።

ከላይ ከላይ።
ዘይትም እኮ የሚተኛው ከላይ ነው።

ደግሞ ከኦድቫር ጣት፣ ከሞተሩ ቅባት፣
አንዲት ፍንጣቂ ውሃው ላይ ተዘረጋችበት፦
ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፤ የማርያም መቀነት።
ለወላድ ይፈታል ይባላል ምጥ ሲበረታባት፤
ይኸኛው ግን ባሕሯን ወገቧ ላይ አሰራት።

በሻይ ማንኪያ ልታፍሰው ሞከረች፤
ተበታተነ፣ በዛ።

ወደ ሠንጠረዡ ዞረች፤ «ይቅር» ይላል ያው ረድፍ፤
ማን ማንን ይቅር እንደሚል ጠፋት። ቆየች ሳትጽፍ።
አልሰረዘችም፤ አልፈረመችም፤
ካፖርቷን ደርባ፣ ጠርሙሱን አቅፋ፣
ወረደች ወደ ወደቡ፣ መብራቱንም ሳታጠፋ።