የግራ እግር ግብር

ግሪምስቢ ወደብ ላይ፣ ነፋሱ ዓሣ ሲሸት፣
ማክሰኞ ረፋድ ነው፣ ወደ አምስት ሰዓት፣
ወለል እያበስኩኝ ከሕፃናት ክፍል
«ማቪስ፣ ባልዲሽን» አሉኝ፣ «አንዴ ገለል፣ ገለል!»

ኪራን ሆልሮይድ መጣ፣ ግራኙ አጥቂያችን፣
ለሳምንት ደመወዙ የማይበቃ ዕድሜያችን።
ቼኩ ከእርሱ ቀድሞ ደጃፍ ላይ ደረሰ፣
ሁለት ሜትር ሰሌዳ፣ ሪባን የለበሰ፤
በሩ አላሳልፍ አለው፤ ዞረ፣ ተጋደመ፣
እንደ አዲስ ቁምሣጥን ጥጉን ይዞ ቆመ።
መቶ ሺህ ፓውንድ ይላል፤ ዜሮው ክብ እንደ ኳስ፣
ኔሊ በጣቶቿ ቆጠረች፣ አምስት እስኪደርስ።
አጨበጨብን ሁሉም። እኔም አጨበጨብኩ፣
መወልወያዬን በብብቴ እንደሸጎጥኩ።

ካናቴራው ላይ «ማንም ሕፃን አይቅር» ይላል በአረንጓዴ፤
«እናንተም» አለ ወደ ሌንሱ፣ «ሦስት ፓውንድ ላኩ አንዳንዴ፤
መንግሥት እኮ ገንዘብ የለውም፣» ድምፁ ተሰበረ።
ላክሁ። ስልኬ «እናመሰግናለን» ብሎ ነዘረ።

ምሳ ላይ ነው ዊልፍ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰው፣
ፖስተሩን በሹካው ጫፍ እየነካካው፣
«ስሚኝ ማቪስ፣» አለ፣ «ይኸ የምታዪው ፊት
የእሱ እንዳይመስልሽ፤ የኩባንያ ነው ንብረት።
ኩባንያው ጀርዚ ነው፣ ከባሕሩ ማዶ፣
ከፖስታ ሣጥን ውስጥ ለብቻው ተሰድዶ።
ፈገግታው እዚያ ነዋሪ፣ ጥርሱ እዚያ ይቆጠራል፣
ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ‹ሰውዬው ፊት የለው› ይባላል።»
«ሌባ ነው ታዲያ?» አልኩት። «ኧረ ምን በወጣው!
ሕጉን አንብቦ ነው በቀዳዳው የወጣው፤
ራሱም አላነበበው፣ አንባቢ ነው የቀጠረ።»
አተሩን ጎረሰና ሳቁን አሳጠረ።

ከእኔ ደመወዝ ግን ሳልነካው ይቆረጣል፤
ፊቴ እዚሁ ነውና። የት ደሴት ይሸጣል?

ዘጠኝ ዓመቱ ነበር ቅልጥሙ ሲሰበር፣
አባቱ አዝሎት በዶፍ ሌሊቱን ሲበር፤
ማንም አልጠየቀው ያን ምሽት ደረሰኝ፣
ያስታወከበትን ያጠብኩትም እኔ ነኝ።
ዛሬ ሚሊዮን የሚያወጣው ያ ግራ እግር
በእኛ ጀሶ ቀና። ጀሶው የማን ነበር?
ዓሣ የምትበልት፣ አውቶቡስ የሚነዳ፣
ከላቡ ቆንጥሮ ያቦካው ባንድ ገንዳ።

«ቀኝህ ሲመጸውት ግራህ አይይ» ይላል መጽሐፉ፤
ለቀኙ ስናጨበጭብ ግራው የት ነው ማረፉ?
ፊት ሰጠን ለእኛማ፤ ግብሩን ግን ፊት ነሳ፣
ስሙ ለምርቃት እንጂ ለመዝገብ አይነሳ።
ግብር አበላን ኪራን፣ ጠረጴዛው ሞላ፤
ማን ያያል በግርግር፣ ግብሩንም ሲበላ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ልክ አይሆንም።

ካሜራው ባትሪ ሲቀይር፣ ማንም ሳያየው፣
ተንበርክኮ ካልሲውን ወደ ታች ገፈፈው፤
ለኔሊ ጠባሳውን፣ ያቺን ነጭ መስመር፣
«እዚሁ ነው» አላት፣ «እኔም ጮኼ ነበር።»
ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያልሳቀችው ልጅ ሳቀች።
ያቺ ሳቅ አልተቀረጸች። አልተቀረጠች።
ለእርሷ ዕዳ የለበትም፤ ይህን ልመስክርለት።

ገና ሲቃረብ ጣሪያው እንደ ልማዱ አፈሰሰ፤
አንድ ባልዲ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሦስተኛው ፈሰሰ።
ዕቃ ቤት የቆመውን ሰሌዳ ጎትቼ
ከጠብታው ሥር ጣልኩት፣ ሌላ ነገር አጥቼ።
ሲነጋ ቀለሙ ወርዷል እስከ ወለሉ ድረስ፤
ቀድሞ የታጠበው አንዱ ነው፣ መነሻው፤
አምስቱ ዜሮ ግን አሉ፣ ክብ ክብ፣ እንደ ኳስ።

ባልዲዬን አመጣሁ።