ሰማያዊው ሙቅ ነው

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁት፤
ከብረት ማቅለጫው ሠላሳ ዓመት ሠርቼ በአሥር ጣቴ የወጣሁት
በዚህች ልማድ ነው።
የካቲት ነው፤ ራሄ ከተማ፤ ባሕሩ ድንጋይ ሆኗል፣
የጋራዡ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ላይ ቆሟል።
ኦይሊ አጠገቤ ናት፤ ኮፍያዋን ሳታወልቅ
በሱፍ ካልሲ የጠቀለለችውን ዕቃ በሁለት እጇ እንደ ጫጩት ስታሞቅ።

«ታምፔሬ ካለ ቁርጥራጭ ሻጭ ነው፤ ከሞተ መኪና የተነቀለ፤
ዘመኑ ይገጥማል ብሎኛል፤ የሽቦው ቀለም ግን ትንሽ ልዩነት አለ።»
ስንለያይ እኔ ጀልባውን፣ እሷ ሰናፍጭ ቀለሙን መርሴዲስ ወሰደች፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄደች።
ዛሬ ለምን እንደመጣች አልጠየቅኋት፤
«ካቻቢቴውን አቀብዪኝ» ብቻ አልኳት።

አሮጌው ቁልፍ ወጣ፤ እንደ ተበላ ጥርስ።
ቀይዋ ነጥብ ላይ የሷ ጣት፣ ሰማያዊዋ ላይ የእኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲመላለስ
ቀለሙን ጠርጎታል።
እሷን ይበርዳታል፣ እኔን ያልበኛል፤
አንድም ቀን በዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም፣
ዐይናችንን ከመንገዱ ሳንነቅል እጅ መስደድ ነበር፤ ከዚያ ዝም።
እሷ ቀዩን፤ ድልድዩን ስናልፍ እኔ ሰማያዊውን፤
ቤንዚን ማደያው ጋ ደግሞ እሷ ቀዩን፤
እስከ ኦሉ ድረስ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር
በሁለት ጣት ቀጭ! ቀጭ! ጠባችን እንዲህ ነበር።

ከመኪናው አሥር ሽቦ ወጣ፤ የአዲሱ ቁልፍ እግር ዘጠኝ።
መነጽሬን ወደ ግንባሬ ገፋሁ፣ መልሼ አወረድኩ፤ ምንም አልጠቀመኝ።
ቡናማው መሬት ነው፤ እሱ የትም አይዋሽም፤
ጥቁር-ቀዩ ከፊውዝ ነው፤ ግራጫና አረንጓዴው ግን ጌታቸው ማን እንደሆነ አይናገሩም።
አንድ በአንድ ቆረጥኩ፣ ላጥኩ፣ ገመድኩ፣ እርሳስ አቅልጬ አጣበቅሁ፤
የላስቲክ እጀታ አለበስኩ፣ በክብሪት አሞቅሁ።
ኦይሊ የእጅ ባትሪ ይዛልኛለች። ድሮ ብርሃኑ
የሚያርፈው እሷ ባሰበችበት ነበር፤
ዛሬ ጣቴ በሄደበት ይሄዳል፣ ሳልናገር።
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ከባለፈው ዓመት ወዲህ። አይታለች።
«ብርዱ ነው» አለች።

ባትሪውን መለስኩ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሪሌው ጠቅ አለ፤
ማራገቢያው የዓመታት አቧራ አስነጠሰ፣ ተንፈራገጠ፣ ቀጠለ።
ከመሪው ኋላ ገብታ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቀች፤
ከዚያ ቀዩን ተጫነች።

ቀዝቃዛ።
በረዶ ላይ ያደረ ነፋስ ፊቷን መታት።
ሰማያዊውን ተጫነች፤ እንደ ላም ትንፋሽ ያለ ሙቀት እግሯን ነካት።
«ግራጫውንና አረንጓዴውን አገላብጫለሁ፤
አሥር ደቂቃ ስጪኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»
ሳቀች። ሳቋን ረስቼው ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንደሚሰነጠቅ።
«ተወው፣ ታውኖ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰማያዊውን ስትጫን አየሁህ፤
ግባና ተጫነው። አንዴ እንኳ በገዛ እጅህ ስታሞቀኝ ልይህ።»

ገባሁ። በተሳፋሪው ወንበር፤ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ነካ።
ሰማያዊውን ተጫንኩ። አላበኝ።
እጄ በልማድ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መለስኩት፤ ላብም ይለመዳል ለካ።

ስትሄድ መሽቶ ነበር። ጠረጴዛዬን ጠረግሁ፤
የተረፈ ብሎን ሦስት፣ የማን እንደሆኑ ሳላውቅ በጣሳ ሰበሰብሁ።
አሥረኛው ሽቦ ቢጫ ነበር። ጫፉን ጠቅልዬ ከዳሽቦርዱ ኋላ ትቼዋለሁ።
የሚሄድበት የለውም።
አሥራ ሁለት ቮልት ግን አለው፤ ለክቼዋለሁ።