ዛሬ ውሃ የለም

ከአዳማ መናኸሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣
አሥራ አራት ክፍል አለ፣ በአቧራ ተከልሎ።
የአዴ ድንቄ ፔንሲዮን።
ድረ ገጹን ግን እኔ ነኝ የሠራሁት፣
መስመር በመስመር፣ ከባዶ ያነሣሁት፤
ድሩን ራሴ ፈትዬ፣
ማጉን ራሴ ቀጥዬ፣
ዝግጁ ነገር አልነካም ብዬ።

ላባ ነበር ሲከፈት።
ኔትወርክ በሚያነክስበት ሌሊት፣
የአዋሽ መንገድ ሾፌር፣ ስልኩ ያረጀበት፣
ሲነካው ድቅን ነው፣ ዓይኑን ሳይከድን በፊት።
ትርፍ ቅንፍ የለው።
ማታ ማታ ስከፍተው
ገጹን አልነበረም፣ ኮዱን ነው የማነበው።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።
«ልጄ፣ አልጋ ጨምሯል፤ አምስት መቶውን ስድስት በለው።»
ሰኞ።
«ልጄ፣ የሰባት ቁጥር በር ተሰብሯል፤ ከዚያ ላይ አውጣልኝ።»
ረቡዕ። ባጃጅ ውስጥ ነኝ።
«ልጄ፣ የዘበኛው የቱሉ ፎቶ አሁንም ይስቃል፣
ሰውየው አገሩ ከገባ ሦስት ወር አልፎታል።»
እሺ እላለሁ። ነገ እላለሁ።
መብራት ሲመጣ እላለሁ።
ለአንድ ቃል፣ እንደ ሐኪም፣ ቀጠሮ እሰጣለሁ።

አንድ ቀን ራሳቸው መጡ፣
የአዳማ ነፋስ ነጠላቸውን እየጎተተ።
አልተቀመጡም፣ አልተቆጡም።
የቁልፍ ቀለበታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት፣
አሥራ አራቱን አንድ በአንድ ቆጠሩት።
«የቤቴ ቁልፍ ይኸው። አሥራ አምስተኛው
አንተ ኪስ ነው ያለው።»

ምን ልበል?
ልብሱን በልካቸው ሰፍቼ፣
ቁልፉን የምቆልፍ እኔው ብቻ ሆኜ።

ሲኤምኤስ የሚሉትን፣ ዝግጁውን፣ ጫንኩላቸው።
ለአሥራ አራት ክፍል ቤት
የመቶ ክፍል ሆቴል ኮተት፤
በየሳምንቱ አድሱኝ ይላል፣
ሲከፈት፣ ዳገት ላይ እንዳለ ተሳቢ ያቃስታል።
ፓስወርዱን በወረቀት ጻፍኩላቸው፤
ቴሌቪዥኑ ላይ ለጠፉት።
እንዳላየ ሆኜ ወጣሁ።

በሳምንቱ ከፍቼ አየሁ።
ለስላሳው አረንጓዴዬ ጠፍቶ ቀይ ነግሦበታል፣
ጽጌረዳ ይዘንባል፣ ፊደሉ ይጨፍራል።
ዓይኔን ጨፈንኩ።
ስገልጠው፣ ከላይ፣ በትልቁ፦
«ዛሬ ውሃ የለም። በባልዲ ቀድተናል።
የሰባት ቁጥር በር ተሠርቷል።
ሌሊት የሚደርስ ሰው ይደውል፣
እንነሣለን።»

እኔ፣ ክረምቱን ሙሉ ስፈትል ከርሜ፣
እዚያው ቦታ ላይ የጻፍኩት
«ምቹና ዘመናዊ» ነበር።

የድሮው ፋይል ላፕቶፔ ውስጥ አለ፤
ትርፍ ቅንፍ የለው።
እንግዳ ግን አላደረበትም።
ስልኬ ዝም ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው።
ትናንት ማታ እኔው ደወልኩ፦
«አዴ፣ ውሃው መጣ?»
«ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «አላነበብከውም?»