በገጽ ስምንት ብር

ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
ቆርቆሮ በር አለኝ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ማሽን።
እተይባለሁ እኔ ያልገባኝን ሁሉ፤
በገጽ ስምንት ብር ነው፣ ከባዱም ቀላሉ።
የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የእድር ማስታወቂያ፣
የጠፋ መታወቂያ፣ የሠርግ መጥሪያ።
ሰኔ ሲገባ ግን ተመራቂዎች ደረሱ፣
ጽሑፉ በፌስታል፣ እነሱ እየራሱ።

እንድሪስ ካሳው የሚሉት፣ ከወግዲ የመጣ፣
ከስቶ ከስቶ ከስቶ ዐይኑ ብቻ የወጣ፣
መቶ አሥር ገጽ ሰጠኝ፣ በእጁ የጻፈውን፤
«አደራሽን» አለኝ፣ «እንዳትነኪው ቃሉን።»

ቃሉን!
ቃሉ እንደ ጦሳ ጉም፤ ይታያል፣ አይያዝም፤
«መዋቅር»፣ «ንቃተ ህሊና»፤ ጣቴ ይሄዳል፣ ራሴ አይሄድም።
ጣቴ ያውቃል ፊደሉን፣ እኔ አላውቅም ጉዳዩን፣
እንደ ፖስታ ቤት ሰው፣ ሳልከፍት አደርሳለሁ ደብዳቤውን።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ፣ መብራት እየመጣ መብራት እየጠፋ፣
እኔም እያንቀላፋሁ፣ ጣቴም እያንቀላፋ፣
«ማኅበረሰብን የሚያቆመው ልማት ነው» ያለውን
«ልማድ ነው» ብዬ አለፍኩት። አላየሁም ስህተቴን።
ታተመ፣ ተጠረዘ፣ ደረሰ ለመምህሩ፤
ስምንት መቶ ሰማንያ ተቆጠረልኝ ብሩ።

ስድስት ቀን አልፎ፣ ቆርቆሮዬን ከፍቶ፣
ቆመ እንድሪስ፣ ላብ በላብ፣ ዳገቱን ሮጦ መጥቶ።
«ምንድን ነው የሠራሽው?»
ደነገጥኩ። «ሰረዙት?»
«አልሰረዙም እኮ! በቀይ አሰመሩበት፤
ከጎኑ ጽፈዋል፦ ‹ግሩም! እዚህ ላይ ጨምር፤
ልማድ እንዴት ያቆማል? አስረዳ። ዘርዝር።›
እኔ ምኑን ላስረዳ፣ ያላልኩትን ነገር?
አንቺ አይደለሽ ያልሽው? ይኸው አንቺ፣ ይኸው ወንበር።»

ሳቄ መጣ። እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ፣
የምሁር ዕዳ ልከፍል ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

በል ስማ፣ አልኩት። እኔ የማውቀው ቧንቧ ነው።
ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ሐሙስ ሌሊት ነው።
ማንም አይቆምም እዚያ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤
ሰው ቤቱ ይተኛል፣ ጀሪካን ይሰለፋል።
ቢጫው የእነ ዘሀራ፣ ክዳን የሌለው የኔ፤
ጀሪካን ያጣ ድንጋይ ያኖራል፤
ድንጋዩም ተራ አለው፣ እንደ ሰው፣ እንደ እኔ።
ዘበኛ የለበትም፤ የተጻፈም የለም፤
ያን ባዶ ፕላስቲክ ግን ማንም አይቀድምም።

አሁን አንተ ንገረኝ፣ ያ ሕግ የት ነው ያለ?
ጀሪካኑን ገልብጠው፣ ውስጡ ምንም የለ።
ጭንቅላቴን ክፈተው፣ እኔም ጋ ሙሉው የለ፤
እኔ ጋ ቁራሹ፣ ዘሀራ ጋ ቁራሹ፣
ከልጄም ትራስ ሥር ይገኛል ትንሹ።
ማን አስተማረን? እንጃ። እናቴም አላለችኝ፤
እጄን ይዛ ወሰደች፣ ጀሪካኑን አስያዘችኝ።

እንድሪስ ይጽፋል። እስክሪብቶው ይንቀጠቀጣል።
«ክፉ ልማድስ?» አለኝ። «እሱም እኮ ያቆማል።»
ዝም አልኩ።
ምሰሶ ቤት ያቆማል፤ ፍሬን መኪና ያቆማል፤
የትኛው እንደሆነ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ መምህርህ ያውቃል።

ግን ይህን ጨምርበት፣ ቦታ ከተረፈህ፦
ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ጋሽ ሙሄ ሞቱብን።
ሰማያዊ ጀሪካናቸው፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ፣
ከሰልፉ መሃል ነበር፤ እዚያው ቆሞ አደረ።
ንጋት ላይ ለቅሶ ሰማን፤ ውሃውም ያኔ መጣ፤
ማንም ምንም አላለ፣ ማንም ከሰልፍ አላወጣ።
አንዱ በእግሩ ገፋ፣ ቀጥሎ ሌላው ገፋ፣
ተራቸው ደረሰ። ሞላንላቸው። ክዳኑ ጠፋ፤
የበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፍንበት፣
ተሸክመን ወጣን ለቅሶ ቤት።
ከዙህር በፊት ታጠቡ፣
በዚያው ውሃ፣
በገዛ ተራቸው።

እንድሪስ እስክሪብቶውን አስቀመጠው።
«ይኼን በምን ቃል ነው የምጽፈው?»

እኔ እንጃ፣ አልኩት።
በገጽ ስምንት ብር ነው።