ሚዛን ያላነሣው

ከደረቅ ወደቡ፣ ከሚዛኑ ማዶ፣
ጎማ ቤት ፎቅ ላይ ነኝ፤ ግድግዳዬ ባዶ።
መብራት ሄዷል፤ ባትሪው «ቶሎ በይ» ይለኛል፤
ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ ስም ይቀረኛል።

ሌላው ሁሉ ገብቷል፤ ፊደል መጻፊያው፣
ሥዕል መመልከቻው፣ ሒሳብ ማሰቢያው።
ሦስት ክረምት ሰፋሁት፣ ክር በክር ቀጥዬ፣
ይህን ነጻ ሥርዓት፣ «ማንም ይጫነው» ብዬ፤
ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ።

መቆለፊያው ቀረ።
          «እሱን ተዪው» ይላል
ከባሕር ማዶ የመጣው ደብዳቤ፤ «ሕጉ ይከለክላል፤
ምስጢር መጻፊያ ከጦር መሣሪያ ይቆጠራል፤
ድንበር ላሻገረ ቅጣቱ ይከብዳል።»

ጦር መሣሪያ! ገለጥኩት፤ አገላበጥኩት።
ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ አንዱን በአንዱ ያባዙት፤
መገናኘታቸው ቀላል፣ መለየታቸው ጭንቅ።
ይህ ነው ጠመንጃው፤ ቃታ የለው፣ ባሩድ አያውቅ።
ያንኑ በወረቀት ቢያትሙት «መጽሐፍ ነው፣ ይለፍ» ይላሉ፤
በሽቦ ሲሄድ ጊዜ «ጠመንጃ ነው፣ ያዝ» ይባባላሉ።

አባቴ ሙሄ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከቶሳ ጉም ሥር፣
የናስ ቁልፍ ሲሞርድ፣ ዕድሜውን ሲያሳጥር፣
«ምን ልትቆልፊ ነው?» ብሎ አይጠይቅም ነበር።
አንዴ ሌባ አታልሎት፣ ሁለት ሌሊት ታስሮ፣
በማግሥቱ ሞረደ፣ አንገቱን አቀርቅሮ።

ከድጃ ትባላለች፣ የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ልጅ፤
የሕሙማን ስም ትልካለች እስከ ወረዳው ደጅ።
ራቁቱን ነው የሚሄደው ያ ስም፣ ከነበሽታው፣ ከነቀጠሮው፤
መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል፤ ማን ሊከለክለው?

ሕጉ የእኔ አገር አይደለም።
ግን ፋይላችንን የሚያኖሩልን «ውጡ» ቢሉንስ ብዬ ፈራሁ፤
ባትሪው አሥር ደቂቃ ሲለኝ ስሙን ጻፍሁ፣
አጠፋሁት፣
ደግሜ ጻፍሁ።

ጎህ ሲቀድ ሾፌሩ አህመዲን ዲስኩን ደረት ኪሱ ከተተ፤
መኪናው ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ መርፌው ተርገፈገፈ፣ ተጎተተ፣
ቆመ።
«ሌላ የጫንከው አለ?»
«ቆርቆሮ ብቻ ነው።»
ታርጋውን ጻፉ። ገመዱ ወረደለት።

ሐረጎን ሲያያዘው ሞተሩ ሲያቃስት ሰማሁ፤
የናሱን ሽታ ከጣቴ ላይ ብፈልግ አጣሁ።