በአንድ ፊደል

ቆርቆሮው ዝጓል። በቢላ ጫፍ ፈለቀቅሁት፤
የከረመ ፊልም የኮምጣጤ ሽታውን ለቀቀብኝ።
ክዳኑ ላይ፣ በቀይ እርሳስ፦
«ጎተንበርግ፣ የመርከብ ሠሪዎች አዳራሽ፣
የስዊንግ ውድድር፣ ቅዳሜ ማታ።
ድምፁ ጠፍቷል። ተበላሽቷል። ይጣል።»

ጣይ አይደለሁም። የተቀጠርኩት ላጥብ፣
አቧራ ላራግፍ፣ የተቀደደ ልጠግን፣
ሰው በቃኝ ያለውን አንዴ ደግሜ ላይ ነው፣
በዚህ ምድር ቤት፣ ከትራሙ ሐዲድ ሥር፣
ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛዬ እየተንቀጠቀጠ።

አምፖሉን አበራሁ።
መጡ።

ዐሥር ጥንድ ወጣት፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር፤
ሴቷ እንደ እንዝርት ስትሾር፣ ወንዱ እንደ ጅራፍ ሲወጠር፣
ቀሚስ ሲገለብ፣ ሱሪ ሲርገበገብ፣
ላብ እንደ ዶቃ ከግንባር ሲረግፍ።
ካሜራው ለአሸናፊዎቹ ተከፍሎታል መሰል፣
ቁጥር ሦስትን ብቻ ሲከተል፣ ሲከተል፣
ከዚያ ድንገት፣ እንደ ዝንጉ ዐይን፣
ወደ ጥግ ይንሸራተታል።

ቁጥር ዐሥራ አንድ እዚያ ነው።
ረጅም፣ ክርኑ የበዛ፣
እጁ የት እንደሚቀመጥ ማንም ያልነገረው።
ከንፈሩ ይቆጥራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
እግሩ ግን ቀድሞት አራት ላይ ደርሶ
ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እያፈረበት።

ቆርቆሮው ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ነበረች፦
«11፦ አርቪድ፣ ብረት በያጅ። ጉንቮር፣ የዓሣ ገበያ ሒሳብ ያዥ።»
ብረት ከብረት ሲያጋጥም የሚውል ሰው
ጣት ከጣት ማጋጠም አቃተው።

«ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር»
ይላሉ የኔ ሰዎች። አርቪድን አላዩማ!
እሱ ከበሮውን አልያዘም፤ ከበሮው ነው እሱን የያዘው፤
ሲያደናግረውም ያምራል።

እዚህ ጋ፣ አሁን፣ እግርሽን ረገጠ።
አቆምኩት። መለስኩት። ደግሞ ረገጠ።
ሦስት ጊዜ አስረገጥኩሽ፣ ጉንቮር፣ ይቅር በይኝ፤
ከተረገጥሽ በኋላ ያለውን ፈልጌ ነው፦
አንገትሽ ወደ ኋላ ሲወድቅ፣
ጥርስሽ ሁሉ ሲታይ፣ የተሸረፈው ሳይቀር፣
ድምፅ አልባው ሳቅሽ ምድር ቤቱን ሲሞላው።

በኔ ቋንቋ
በሳተ እና በሳቀ መካከል ያለው አንድ ፊደል ነው።
እሱ ሳተ።
አንቺ ሳቅሽ።
ከዚያ በክራባቱ ሳብሽው፣ ከነስሕተቱ፤
ሲያነክስ አንክሰሽ፣ ሲዘገይ ዘግይተሽ፣
መሰናከሉን ደጋግመሽ፣ ደጋግመሽ
ጭፈራ እስኪመስል ድረስ አለማመድሽው።
(ከኋላችሁ ያለችው፣ ቁጥር ስምንት፣
ስትሰርቅባችሁ አይቻታለሁ።)

ለመሆኑ ስቷል ያለው ማነው?
መለከቱም ከበሮውም ከአዳራሹ ጋር ፈርሷል፤
ዘጠኙ ጥንድ እኩል ይዘላል፣ እኩል ያርፋል፤
እኩልነታቸውን እንጂ ዜማቸውን አላውቅም።
እውነተኛውን ምት የሰማው እሱ ብቻ ቢሆንስ?

አይ፣ ውሸቴን ነው። ስቷል።
ያውም አሳምሮ።

ቁጥር ሦስት ዋንጫውን ሳይወስድ አይቀርም፤
እንከን የለውም፣ ዐይኔ ተንሸራቶ አለፈው፣
በረዶ ላይ እንደ ወጣ ጎማ።
አርቪድ ግን ቆንጥር አለው፣ አላፊን ይይዛል፤
ካሜራ የያዘውንም ሰውዬ ያዘው፤
የታዘዘውን ትቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
እናንተ ላይ ቀረ።
እሱም ሳተ። ለዚህ ነው «ይጣል» የተባለው።

አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ቁጥር ዐሥራ አንድ። ይቀመጥ።»

መጨረሻው ላይ ክራባቱ እጅሽ ላይ ተጠምጥሟል፤
ፊቱ ቀርቧል፣ ከንፈሩ አሁንም ይቆጥራል፣
አንድ፣ ሁለት፣
ከዚያ ጭረት፣ ብርሃን፣ ነጭ ግድግዳ።
ሳተ፣ ሳቅሽ፣ ሳብሽው፤
አራተኛውን ፊደል ፊልሙ አልጨረሰውም።

በላዬ ትራም አለፈ።
ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ።